የፊት ፍሬን ጉዳይ፦ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ መቆም

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ዙር ልምምድ አንድ የሚያኮራ ነገር ተገኝቷል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየመጡ ፍሬን ከሚያዝበት መስመር እስከ መቆሚያው ያለው ርቀት ከ20 ሜትር በላይ ነበር፤ አሁን 15 ሜትር አካባቢ ረግቷል። ሞተሩ 150 ሲሲ ነው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) የለውም፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው። በዚያው ልክ እስካሁን አልፈታ ያለ ችግርም አለ፤ እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች አላበዛባቸውም። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ነጥብ መለየት፣ ነዳጅ ሳይሰጡ በፍሪሲዮን ብቻ መነሳት፣ በአንደኛ ማርሽ በእግር ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ከዚያ ስምንት ቁጥር መሥራት። በዝግታ ለመንዳት ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) የተረጋጋ ይሁን፣ ፍሪሲዮኑ ግማሽ ላይ ይያዝ፣ የኋላ ፍሬን በስሱ ይረገጥ። መሪው በታጠፈበት ሰዓት የፊት ፍሬን አይነካም፤ በዝግታ ላይ ሞተር የሚጥለው በአብዛኛው እሱ ነው። ዓይን ኮኑ ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ይሁን። ይህን የያዘ ሰው በብዙ አገር ለመንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን የሜዳ ፈተና ያልፋል። የእኔ ቅሬታም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

በኮኖች መሃል መሽሎክሎክ ሚዛን መጠበቅን ያሳያል እንጂ መቆም መቻልን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውና ሃሪ ኸርት የመራው ጥናት ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሯል። ከአደጋው በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለማምለጥ የሚተርፈው ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሰከንድ ያንሳል። በዚያች ጊዜ አብዛኞቹ ያደረጉት ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ የኋላውን አጥብቀው ረግጠው ጎማውን አንሸራተቱ፣ የፊቱን ግን አሳንሰው ያዙ። ከአሽከርካሪዎቹ 92 በመቶው መደበኛ ስልጠና ያልወሰዱ፣ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የለመዱ ነበሩ። ጥናቱ ዕድሜው ገፍቷል፤ የእግር ፔዳል ላይ የመንጠልጠል ልማድ ግን ዛሬም በየልምምድ ሜዳው የሚታይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በሰከንድ 13.9 ሜትር ነው። የኋላ ፍሬን ብቻውን ፍጥነትን የሚቀንሰው በሰከንድ ካሬ ቢበዛ 4 ሜትር አካባቢ (በየሰከንዱ ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜትር ይቀንሳል ማለት ነው) ስለሆነ መቆሚያው 24 ሜትር ይሆናል። ሁለቱም በአግባቡ ሲያዙ 6 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይገኛል፤ መቆሚያውም 16 ሜትር ነው። እጁ የሰለጠነ ሰው 8 ሲያገኝ በ12 ሜትር ይቆማል። ሁለት ሞተር ጎን ለጎን እየመጡ እኩል ፍሬን ቢይዙ፣ አንዱ 16 ሜትር ላይ ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ የኋላውን ብቻ የረገጠው ገና በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር እያለፈው ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አይቶ እስኪወስን የሚያልፈው አንድ ሰከንድ አለ፤ እሱም ወደ 14 ሜትር ይበላል።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበዛል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊት ጎማ መሬቱን ይጫናል፣ ስለዚህም የበለጠ ይይዛል። የኋላው በተቃራኒው ይቀልለዋል። ችግሩ የፊት ፍሬን ሳይሆን ክብደቱ ፊት ከመድረሱ በፊት የፍሬን እጀታውን በአንዴ መንጨት ነው። ያኔ ጎማው ገና ስላልተጫነ ይቆለፋል፣ የተቆለፈ የፊት ጎማ ደግሞ ወዲያው ይጥላል።

አያያዙ ሁለት እርከን አለው። መጀመሪያ ነዳጁ ይዘጋል፣ ፍሪሲዮኑ ይያዛል፣ የፊት ፍሬን በስሱ ተይዞ የፊት አሞርዛተሩ (የፊት ጎማውን የሚሸከመው ስፕሪንግ) ዝቅ እስኪል ይጠበቃል። ይህ የሲሶ ሰከንድ ያህል ነገር ነው፤ ዝቅ ማለቱ በእጅ መዳፍ ይሰማል። ከዚያ በኋላ እጀታው ሎሚ እንደሚጨመቅ ያለማቋረጥ እየጠበቀ ይሄዳል፤ ከፍተኛው ጉልበት የሚያርፈው መሃል ላይ እንጂ መነሻው ላይ አይደለም። የኋላው ከመጀመሪያው በስሱ ይረገጣል፣ ፊቱ እየጠነከረ ሲሄድ እግሩ ይለቃል። ጉልበቶች ሰርባቶዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ግጥም አድርገው ይይዛሉ፣ ምክንያቱም ሰውነት በጉልበት ካልተያዘ በክንድ ይደገፋል፣ የተወጠረ ክንድ ደግሞ መሪውን ይገፋል። ክርን ይታጠፍ። ዓይን አድማስ ላይ ይሁን፤ መሬት የሚያይ ሰው መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ማርሹ አንደኛ ላይ ይድረስ፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ካለ ወዲያው መነሳት ያስፈልጋልና።

ሲበላሽ የሚመስለውን ማወቅ ጠቃሚ ነው። የፊት ጎማ ሲቆለፍ ሲጥ የሚል ድምፅ ይወጣል፣ መሪውም ድንገት ይቀላል፦ እጀታውን ለቅጽበት ለቀቅ አድርጎ እንደገና መጭመቅ። የኋላው ሲቆለፍ ጭራው መወዛወዝ ይጀምራል። ሞተሩ ገና ቀጥ እንዳለ ከሆነ ፔዳሉን ላላ ማድረግ ይቻላል። ጭራው አንዴ ወደ ጎን ከወጣ ግን እስኪቆም ድረስ እንደተረገጠ ይቆይ። ያኔ ከተለቀቀ ጎማው በአንዴ መሬት ይይዝና ሞተሩን በተቃራኒው ጎን ገልብጦ ሰውየውን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ይኼ ከተራ መውደቅ የከፋ ነው።

ልምምዱ በ30 ኪሎ ሜትር ተጀምሮ በ5 በ5 ይጨመራል። ቦታው ጠጠርና ዘይት የሌለበት፣ ከመቆሚያው በኋላ ቢያንስ 30 ሜትር ባዶ የሆነ ይሁን። ልብስም በ30 እና በ50 አይለያይም፤ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ርቀቱን በሜትሮ ለኩ፤ በዓይን የሚገመት ርቀት ሁልጊዜ ያጭራል። የሞተር ፍጥነት መቁጠሪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ስለሚያሳይ በስልክ ጂፒኤስ አስተያዩት፤ አለዚያ 50 የመሰላችሁ 46 ይሆንና በሐሰት ትደሰታላችሁ። መስመሩ ሳይደርስ ቀስ ብሎ ነዳጅ መቀነስም ያው ማጭበርበር ነው፤ ሁላችንም እንደምናደርገው ይታወቃል።

ከሁሉ በፊት ግን እጀታው ይስተካከል። ተቀምጣችሁ ክንዳችሁን ስትዘረጉ ጣቶቹ ከክንዱ ጋር ቀጥ ብለው እጀታው ላይ ማረፍ አለባቸው፤ ብዙ ሞተር ላይ እጀታው ወደ ላይ ቀና ብሎ ስለሚታሰር የእጅ አንጓ ይታጠፋል፣ ጉልበትም ይጠፋል። መፍትሔው አንድ ሁለት ብሎን ማላላት ብቻ ነው። በገመድ የሚሠራ ከበሮ ፍሬን ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ክፍተት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የሞተሩ ማኑዋል የተለየ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ዲስክ ከሆነና እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል፣ አየሩ ሳይወጣ ልምምድ የለም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። የጎማ ንፋስ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካ። በጣት ብዛት ላይ ያለው ክርክር አያልቅም፤ የእኔ አቋም ለዲስክ ሁለት ጣት፣ ለከበሮ አራት ነው፤ በሁለት ጣት ከበሮን አጥብቆ መያዝ ለአብዛኛው እጅ ይከብዳል።

አሁን ወዳልተፈታው። ከላይ ያለው 15 ሜትር የሚገኘው መስመሩ የት እንዳለ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። መስመሩ ተነስቶ በምትኩ አንድ ሰው በእጁ ምልክት ሲሰጥ ነገሩ ይፈርሳል፦ እግር ከእጅ ቀድሞ ፔዳሉን ይረግጣል፣ የኋላ ጎማ ይቆለፋል፣ የፊቱ ዘግይቶ በአንዴ ይነጨታል። በተለይ መኪና የሚነዱ ሰዎች ላይ ይበረታል፤ ቀኝ እግራቸው ፍሬን መርገጥ ለምዷል። ምክር ብቻ አይፈታውም፣ ምክንያቱም በድንጋጤ ሰዓት ሰውነት የሚያደርገው የለመደውን ነው።

እስካሁን የተሻለ ውጤት የሰጠው መንገድ ይኼ ነው። ለተወሰነ ጊዜ የኋላ ፍሬንን ጨርሶ መከልከል፤ እግሩ መርገጫው ላይ ተረከዙን ይዞ ይቀመጣል፣ ሁሉም ነገር በእጅ ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ 30 ይመለሳል። ምልክት የሚሰጠው ሰው ከመንገዱ መስመር ውጭ፣ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ግማሹን ጊዜ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ሁልጊዜ ከሰጠማ ያው መስመር ሆነ። እጁ ሳይታሰብ ቀድሞ መሄድ ሲጀምር የኋላው ይመለሳል። እንዲህም ሆኖ በ50 ላይ ምልክት ሲጨመር ከ18 ሜትር በታች አልወረደም። ከሚገባው በላይ ጊዜ የፈጀው ይኼ ክፍል ነው፤ የተሻለ ዘዴ ያላችሁ አካፍሉ።

ኤቢኤስ ያለው ሞተር የሚነዳ ሰው ይህ ሁሉ ይቀርለታል ማለት አይደለም፤ ግን መንጨቱ ይቅር ይባልለታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ኤቢኤስን ግዴታ ማድረጉ ከየትኛውም ፖስተርና ዘመቻ ይበልጣል ባይ ነኝ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናቸውም ይለያል፦ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የመንጃ ፈቃድ መመሪያ መሠረት ተፈታኙ ቢያንስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየመጣ በድንገት ማቆም፣ በዚያው ፍጥነትም መሰናክል መሸሽ አለበት። ፈቃዱም በእርከን ነው፤ ኤ1 እስከ 125 ሲሲና 11 ኪሎ ዋት፣ ኤ2 እስከ 35 ኪሎ ዋት፣ ከዚያ ሙሉው ኤ። የኮን ፈተናን ብቻ ይዞ የሚቀጥል አሠራር ሊቀዳ የሚገባው ከዚህ ውስጥ መጀመሪያ የ50ውን ማቆሚያ ነው። የሚጠይቀው 100 ሜትር ያህል ንጹሕ አስፋልት፣ ጥቂት ኮንና ሜትሮ ነው።

ስልጠና ሁሉን ይፈታል የሚሉትን ግን አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኮክሬን (የጤና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ የአሽከርካሪ ስልጠና አደጋ ይቀንሳል ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ ጥራት ያለው ማስረጃ አላገኘም። ስለ ሄልሜት የሠሩት ግምገማ በአንጻሩ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳያል። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ከኮርሱ በፊት ደረጃውን የጠበቀ፣ አገጭ የሚሸፍን፣ ማሰሪያው የሚታሰር ሄልሜት ይግዛ።

ቀጣዩ ደረጃ እርጥብ አስፋልትና ሰው መጫን ነው። በእርጥቡ የመጀመሪያው እርከን ይረዝማል፣ ጭመቃውም ይለሰልሳል፤ ፍጥነቱ እንደገና ከ30 ይጀመር። ሰው ሲጫን የኋላ ጎማ ላይ ክብደት ስለሚጨመር የኋላ ፍሬን ከወትሮው የበለጠ ይሠራል፤ የጎማ ንፋሱና የኋላ አሞርዛተሩ ማኑዋሉ ለሁለት ሰው በሚለው ልክ መስተካከል አለባቸው፣ የሚጫነውም ሰው ሰርባቶዮውን በእጁ እንዲደገፍ አስቀድሞ ይነገረው፤ አለዚያ ሙሉ ክብደቱ የነጂው ጀርባ ላይ ያርፍና ክርኑን ያስወጥረዋል።