ፋይሉ አነሰ፣ ፍለጋው ጠፋ

አንድ የግል ድረ ገጽ ባለቤት ጎብኚ ይስብልኛል ብሎ በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ የሶፍትዌር ግምገማ ጻፈ። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ከአምራቹ ገጽ የተቀዳ ዝርዝር፣ ከዚያው የተወሰደ ስክሪንሾት፣ መጨረሻ ላይ «ፈጣን፣ ቀላል፣ አስተማማኝ»። ሰርች ኮንሶልን (ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ገጻቸው በፍለጋ ውስጥ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይበትን መሣሪያ) ሲከፍት ገጾቹ በፍለጋ ውጤት ውስጥ አሉ፤ ግን አምስተኛና ስድስተኛ ገጽ ላይ፣ የሚጫናቸው ሳይኖር። አምራቹ ያለውን ማንበብ የፈለገ ሰው የአምራቹ ገጽ አለለት። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2021 የምርት ግምገማዎችን ለብቻ መመዘን ሲጀምር የፈለገው ምርቱ በእጅ ተሞክሮ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ነገሩን የለወጠው አንድ ፒዲኤፍ ማሳነሻ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ግምገማ «ምንም አያሳንስም» ብሎ ጣለው። የተሞከረበት ፋይል ግን ፊደል ብቻ ያለበት ባለሁለት ገጽ ደብዳቤ ነበር። አንድ አንባቢ «እኔ ጋ 40 ሜጋባይቱን 9 አደረገልኝ» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በዋናነት የሚያሳንሰው ምስልን ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን የተደረገ ኤፎር ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ ወደ 150 ሲወርድ 1240 በ1754 ይሆናል፣ ማለትም የፒክስሉ ብዛት ሩብ ላይ ይደርሳል። ደብዳቤው ውስጥ የሚቀነስ ምስል አልነበረም።

ሙከራው እንደገና በሦስት ፋይል ተሠራ፦ ጽሑፍ ብቻ ያለው፣ ሃያ ገጽ ስካን፣ ፎቶ የበዛበት ስላይድ። ለእያንዳንዱ መጠኑ በፊትና በኋላ፣ የወሰደው ጊዜ፣ የፕሮግራሙ ቨርዥን ቁጥር ተመዘገበ። ስካኑ በከፍተኛው ደረጃ ከተጨመቀ በኋላ ተከፍቶ ቃል ለመፈለግ ኮንትሮል ኤፍ ሲጫን፣ ዓይን እያየው ያለው ቃል «አልተገኘም» ተባለ። ስካኑ በኦሲአር (ከምስል ላይ ፊደል በሚያነብ ፕሮግራም) ካለፈ፣ ከገጹ ምስል ጋር የተነበበው ጽሑፍ ሳይታይ ተነባብሮ ይቀመጣል፤ ይህ ደረጃ ግን ገጹን በሙሉ እንደ አንድ ሥዕል አድርጎ ስለሚሠራው ጽሑፉ ይጠፋል። በመካከለኛው ደረጃ አይጠፋም። የአምራቹ ገጽ ስለዚህ አንድም ቃል አይልም።

የፍለጋውን መጥፋት የሚናገረው አንቀጽ የግምገማው ርዕስ ሆነ፤ ጎብኚም የመጣው በእሱ ነው። በሰርች ኮንሶል የመጠይቅ ዝርዝር ውስጥ የፕሮግራሙን ስም ጽፎ የመጣው ጥቂት ነው፤ ብዙው «ፒዲኤፍ ካሳነስኩ በኋላ ፍለጋ አይሠራም» የሚል ነበር። የጨነቀው ሰው የሚጽፈው ችግሩን ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ግምገማ ላይ ፕሮግራሙን ማጥፋትና የሙከራ ጊዜውን መሰረዝም ይሞከራል፦ የባንክ ካርድ የሚጠየቀው መቼ ነው? መሰረዣው የት ተደብቋል? (ስክሪንሾት ሲነሳ የላይሰንስ ቁልፍና ኢሜይል መሸፈን አለበት፤ ይህ ሳይስተዋል የሚያልፍ ነው።)

ሌላ ስህተትም ነበር። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ባለቤቱ ቀኑን ብቻ ቀይሮ «ታድሷል» አለ፤ ስክሪንሾቱ ላይ ግን የድሮው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የያዘው አንባቢ ነው። ማደስ ማለት ያንኑ ሦስት ፋይል እንደገና አስኬዶ ልዩነቱን መጻፍ ነው፣ በዚያው አድራሻ ላይ። አድራሻው የግድ ከተቀየረ አሮጌው በ301 (አድራሻው ለዘለቄታው መዛወሩን በሚናገር የሰርቨር ምላሽ) ወደ አዲሱ ይመራ። የኮሚሽን ሊንክ (አንባቢ ሲገዛበት ለገጹ ባለቤት ድርሻ የሚያስገኝ) ካለ ደግሞ ክፍያ እንዳለበት ለጉግል የሚናገረው «ስፖንሰርድ» የሚለው ምልክት በሊንኩ ኮድ ውስጥ ይግባ፤ ለአንባቢ የሚነገረውም ከሊንኩ በፊት እንጂ ከገጹ ግርጌ አይደለም። ላይሰንሱ በነፃ የተሰጠ ከሆነም እንዲሁ ለአንባቢ ይነገር።

በመጨረሻ አምራቹ ኢሜይል ላከ፤ ችግሩ ስለተስተካከለ አንቀጹ ይነሳልን የሚል። አዲሱ ቨርዥን በዚያው ሃያ ገጽ ስካን ተሞከረ። ፍለጋው በከፍተኛው ደረጃም ሠራ፤ ጽሑፉ ተገልብጦ ሲለጠፍ ግን ቃላቱ ያለ ክፍተት ተጣብቀው ወጡ። ሁለቱም ከነቨርዥን ቁጥራቸው ከአሮጌው አንቀጽ በታች ተጻፉ። አሮጌው አልተነሳም፤ የድሮውን ቨርዥን የያዙ ሰዎች አሁንም በእሱ በኩል ይመጣሉ።