ከሌሊቱ 8 ሰዓት

ስልኬ ውስጥ አንዲት የጃፓን ሥዕል አለች። የማያት ሌሊት ተረኛ ስሆን ነው። ነርስ ነኝ፤ በሽተኞቹ ተኝተው ኮሪደሩ ጸጥ ሲል አወጣትና አያታለሁ።

አንዲት ሴት ከእንቅልፏ ተነስታለች። ዓይኗ በደንብ አልተገለጠም። በአንድ እጇ እንደ ጧፍ የተለኮሰ ነገር፣ በሌላው ስስ ወረቀት ይዛለች። መጸዳጃ ቤት ልትሄድ ነው። እግሯ ነጠላ ጫማዋን በዳበሳ እየፈለገ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ያቺን እግር አውቃታለሁ። ጋደም ባልኩበት ደወል ሲጠራኝ የእኔም እግር ጫማውን የሚፈልገው እንደዚያው ነው።

ሠዓሊው ኪታጋዋ ኡታማሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 ገደማ ዮሺዋራ በሚባለው የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ሰፈር የሚኖሩ ሴቶችን ውሎና አዳር በ12 የእንጨት ህትመቶች አሳየ። ለየሰዓቱ አንድ ሥዕል። ይህቺኛዋ "የበሬ ሰዓት" ትባላለች።

የድሮ ጃፓኖች ቀኑን ከንጋት እስከ ምሽት ለ6 ይከፍሉታል፤ ሌሊቱንም ለ6። ለየሰዓቱ የእንስሳ ስም አለው፤ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል እያለ ይቀጥላል። ቀኑ ሲረዝም ሰዓቱም አብሮ ይረዝማል። ደወሉ እኩለ ሌሊት ላይ 9 ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ እየቀነሰ 8፣ 7፣ 6 ይላል። በበሬ ሰዓት 8 ጊዜ። በእኛም አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው! ቁጥሩ ሁሌ አይገጥምም፤ የሚገናኘው 4 እና 8 ላይ ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን በደስታ ጓደኛዬን ልቀሰቅሳት ነበር። ጃፓኖች እስከዛሬ መክሰስን "ኦያትሱ" የሚሉት ከዚያው ከቀኑ 8 ሰዓት ደወል ተነስተው ነው።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ሁሉ "ጌሻ" ብለው ይለጥፏቸዋል። ይህቺ ሴት ጌሻ አይደለችም። በዮሺዋራ ገላቸውን ለመሸጥ ከተገደዱት አንዷ ናት፤ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ቤተሰብ በወሰደው ገንዘብ በውል ታስረው የገቡ ናቸው። ጌሻ ደግሞ ሙያተኛ ናት። ባለሦስት ክሩን ሻሚሰን ትጫወታለች፣ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች። የዮሺዋራ ጌሾች እ.ኤ.አ. በ1779 የራሳቸው መዝገብ ቤት ወጣላቸው፣ የሌሎቹን ሴቶች ደንበኛ እንዳይነኩም ተከለከሉ። ሥዕል ላይ ለመለየት መቀነቷን እዩ። የጌሻ መቀነት ከኋላ ይታሰራል፣ የእነዚያ ከፊት። የጌሻ ጸጉር ላይ የሚሰካው ጌጥም ያነሰ ነው።

ኡታማሮ ጌሻም ስሏል። ቶዮሂና የምትባል በዘፈኗ የታወቀች ጌሻ ከሁለት የሻይ ቤት ቆነጃጅት ጋር በአንድ ሥዕል ላይ አለች። የጌሻ ውሎ በየሰዓቱ ማየት የፈለገ ግን ወደ ሌላው ሠዓሊ ወደ ዮሺቶሺ ይሂድ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ የሺምባሺንና የያናጊባሺን (የቶኪዮ የጌሻ ሰፈሮች) ሴቶች ውሎ መሳል ጀመረ። ሥዕሎቹ ግን 12 አይደሉም፣ 24 ናቸው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1873 የድሮውን ሰዓት ትታ የአውሮፓውያኑን ይዛ ነበርና። በሬውም ነብሩም ከሰዓቱ ወጡ።

እኔ ግን ወደ በሬዋ እመለሳለሁ። ዛሬ ሌሊት ጸጉሯን አጉልቼ ሳየው ቆየሁ። እያንዳንዷ ክር መጀመሪያ እንጨት ነበረች። ኡታማሮ በብሩሽ ይስላል፤ ጠራቢው ወረቀቱን የቼሪ ጣውላ ላይ ገልብጦ ይለጥፍና የመስመሩን ግራና ቀኝ ቆርጦ ያወጣል። የሚቀረው ከመርፌ የቀጠነ እንጨት ነው። ቢላው አንዴ ቢያዳልጠው ጸጉሯ ይበጠሳል። ከዚያ አታሚው ለየቀለሙ ሌላ ጣውላ እየቀያየረ፣ ወረቀቱን በእጁ እያሸ ያትማል፣ አንዱ ቀለም ከሌላው ሳይዛነፍ።

ሥዕሏ ላይ የኡታማሮ ፊርማ አለ። የአሳታሚው የጹታያ ጁዛቡሮ ምልክትም አለ፤ ተራራና ከሥሩ የሐረግ ቅጠል። ጸጉሯን የጠረበው ሰውዬ ስም የለም። ፈለግኩት፣ አጎላሁት፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ አየሁ። የለም።