ከፓይተን ወደ ሲ፦ ግማሹ የተቆረጠ ፖይንተር

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው የጽሑፍ መተንተኛ ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም የሚጠራው የኮድ ስብስብ) በመጨረሻ ከፓይተን ቋንቋ ሲጠራ ሳይወድቅ ይሠራል። ጊዜውን የበላው አንድ ችግር ስለሆነ ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

ጅማሬው ቀላል ነው። የሲውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ በሚለውጠው በጂሲሲ፣ «ሼርድ» እና «ኤፍፒአይሲ» ከሚሉት አማራጮች ጋር ኮምፓይል ማድረግ፣ የወጣውን የኤስኦ ፋይል (የተዘጋጀውን ላይብረሪ) በሲታይፕስ፣ ማለትም ከፓይተን የሲ ኮድ በሚጠራበት ሞጁል፣ መክፈት፣ ከዚያ ፈንክሽኑን በስሙ መጥራት ነው። ሲታይፕስ ከፓይተን 2.5 ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። ኮዱ በሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ ፈንክሽኖቹ «ኤክስተርን ሲ» ውስጥ ይግቡ፤ አለዚያ ኮምፓይለሩ ስማቸውን ስለሚለውጠው ፓይተን ፈልጎ አያገኛቸውም።

ፈተናው የሚመጣው ፈንክሽኑ ፖይንተር፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ፣ ሲመልስ ነው። ሲታይፕስ የፈንክሽኖቹ ዓይነት የተጻፈበትን የሲን ሄደር ፋይል አያነብም። የሚመለሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ካልተነገረው ኢንት (ተራ ሙሉ ቁጥር) ነው ብሎ ይወስደዋል። ኢንት 32 ቢት ነው፤ በባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ፖይንተር 64 ቢት ነው። ላይብረሪው የመለሰው አድራሻ በ16 ቤት ሲጻፍ 557310204890 ቢሆን ፓይተን እጅ የሚደርሰው 10204890 ብቻ ነው። የፊተኞቹ አራት አሃዞች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተቆርጠው ይቀራሉ። ፕሮግራሙ የሚወድቀው እዚያ ላይ ሳይሆን አድራሻው ሥራ ላይ ሲውል ስለሆነ፣ ሰው ስህተቱን የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ከፖይንተር ፋንታ አሉታዊ ቁጥር ከመጣ ምክንያቱ ይኸው ነው፦ የቀረው 32 ቢት የመጀመሪያ ቢቱ 1 ሆኖ ተገኝቷል።

ይባስ ብሎ አንዳንዴ ይሠራል። አድራሻው ከመጀመሪያው 2 ጊጋባይት በታች ካረፈ የሚቆረጥ ነገር የለም። በሊኑክስ ላይ ማሎክ (ሜሞሪ የሚሰጠው የሲ ፈንክሽን) ትናንሽ ጥያቄዎችን ከሂፕ (ከፕሮግራሙ የተለመደ የሜሞሪ ክምችት)፣ ከ128 ኪሎባይት ጀምሮ ያሉትን ደግሞ በተለምዶ በኤምማፕ (ከሲስተሙ በቀጥታ በመጠየቅ) ከሌላ ሩቅ ቦታ ያመጣል። ስለዚህ የፓይተኑ ሂፕ ዝቅተኛ አድራሻ ላይ በሆነበት ማሽን፣ በትንሽ ፋይል ሲሞከር ሰላም የነበረው ኮድ ትልቅ ፋይል ሲሰጠው ይወድቃል። በትንሽ ናሙና ብቻ ሞክሮ «ሠርቷል» ማለት እዚህ አይሆንም።

መፍትሔው ግማሽ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። «ሬስታይፕ» (የሚመለሰው ዓይነት የሚታወጅበት) ላይ «ሲ ቮይድ ፒ» (የፖይንተር ዓይነት) ሲጻፍ አድራሻው ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ነገር ግን የሚመጣው ተራ የፓይተን ቁጥር ሆኖ ነው። ያንኑ ቁጥር «አርግታይፕስ» (የሚላኩት ነገሮች ዓይነት የሚታወጅበት) ላልተጻፈለት ፈንክሽን፣ ለምሳሌ ለሜሞሪ ማስለቀቂያው፣ መልሶ መስጠት እንደገና ኢንት ተብሎ እንዲቆረጥ ያደርገዋል። በመምጫውም በመሄጃውም ማወጅ ግድ ነው። ለአንድም ፈንክሽን ቢሆን ሁለቱን ሳይጽፉ መጥራት መጥፎ ልማድ ነው፤ አጭር መሆኑ አያጸድቀውም። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይብረሪ ውስጥም ዘግይቶ የታወጀው ማስለቀቂያው ነበር። ፈንክሽኖቹ ከአሥር ከበለጡ ሲኤፍኤፍአይ የተባለው ሌላ የፓይተን መሣሪያ ይሻላል፤ የሲውን አዋጅ እንዳለ ተቀብሎ ዓይነቱን ራሱ ያውቃል።

ጽሑፍ ማስተላለፍ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ያለ አርግታይፕስ «ሰላም» የሚለው ቃል በቀጥታ ለስትርሌን (የጽሑፍን ርዝመት በባይት ለሚቆጥረው የሲ ፈንክሽን) ቢሰጥ በሊኑክስ የሚመልሰው 2 ነው። ፓይተን እያንዳንዱን ፊደል በ4 ባይት አሰልፎ ይልከዋል፤ የ«ሰ» የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች ካለፉ በኋላ ዜሮ ይመጣል፣ ሲም ቃሉ እዚያ አለቀ ይላል። በዩቲኤፍ 8 ወደ ባይት ተለውጦ ሲላክ ግን 9 ይመልሳል፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ነውና።

ላይብረሪው ራሱ በማሎክ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሲመልስ «ሲ ቻር ፒ» (የጽሑፍ ፖይንተር) ብሎ ማወጅ ያጓጓል። ግን ሲታይፕስ ይዘቱን ወደ ባይት ገልብጦ ፖይንተሩን ይጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሜሞሪውን ማስለቀቅ አይቻልም። እዚህም «ሲ ቮይድ ፒ» ይታወጅ፤ ይዘቱ በ«ስትሪንግ አት» ይነበብ፤ ከዚያ ላይብረሪው ራሱ ባዘጋጀው ማስለቀቂያ ይለቀቅ።

ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር ከሞተ ፓይተንን በ«ፎልትሃንድለር» ማስነሳት የትኛው የፓይተን መስመር ላይ እንደወደቀ ያሳያል። ኮልባክ (ሲ መልሶ የሚጠራው የፓይተን ፈንክሽን) ካለ ደግሞ የተጠቀለለውን ፈንክሽን ሲ እስኪጨርስበት ድረስ በተለዋዋጭ ያዙት፤ በጥሪው መስመር ላይ ብቻ ከተፈጠረ ፓይተን ይጠርገውና ሲ በኋላ የሚጠራው ባዶ ቦታ ይሆናል።