አምስተኛዋ የሌሊት ወፍ

ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ በአስተርጓሚነት ስሠራ ነው። ደንበኛዬ ከመርካቶ የመጡ፣ በዋጋ ክርክር ሻጩን ላብ በላብ የሚያደርጉ እናት ናቸው። ለሳሎን የሚሸጥ የፖርሴሊን አበባ ማስቀመጫ ይፈልጋሉ። አንዱን ሳምፕል ብድግ አድርገው አገላበጡት። ነጭ ነው፤ ዙሪያውን ቀያይ ነገሮች ይበሩበታል።

«ቢራቢሮ ናቸው?»

«የሌሊት ወፍ» አልኩ። ምነው በቢራቢሮው ባለፍኩት!

«የወፍ ግብር ሲባል አይጥ ነኝ፣ የአይጥ ግብር ሲባል ወፍ ነኝ የምትለዋን? እሷን ነው ለሰው ሳሎን የምሸጠው?»

ኮሚሽኔ ሲበር ታየኝ። ማስረዳት ጀመርኩ። የሌሊት ወፍ በቻይንኛ «ቢየንፉ» ናት፣ በረከት ደግሞ «ፉ»። ቀይ ስትሆን «ሆንግ ፉ»፤ ይህም «ታላቅ በረከት» ከሚለው ጋር ድምፁ አንድ ነው። ማስቀመጫው ራሱ «ፒንግ»፣ ሰላምም «ፒንግ»። ሰምና ወርቅ በሉት እትዬ፣ ሥዕሉ ሰሙ ነው አልኳቸው። አምስት ሆነው ሲሳሉ አምስቱ በረከቶች ናቸው፦ ረጅም ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ መልካም ምግባር...

እዚህ ላይ ዋጥ አደረግኩት። አምስተኛው ስለ ሞት ነው፤ ገበያ መሃል ሞት ማን ያነሳል? ዘለልኩ ብዬ ደግሞ የቆምኩት አራት ላይ ነው። ለቻይኖች የአራት ድምፅ ሞትን ስለሚመስል የሚሸሹት ቁጥር ነው።

«አምስት ቆጥሬያለሁ። የነገርከኝ አራት ነው።»

«አምስተኛዋም... ያው ናት።»

«ያው ምን?»

«ዕድሜ ጠግቦ በሰላም መሞት» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

ዝም አሉ። ማስቀመጫውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «አሟሟቴን አሳምረው እያልኩ ጠዋት ማታ የምለምነውን ነው የደበቅከኝ? ከሁሉም የምትበልጠው እሷ አይደለችም እንዴ!»

40 ፍሬ አዘዙ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጣጣው ገና መጀመሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የተረጎምኩት ሁሉ ተጠረጠረ። ዋጋውን በካልኩሌተር ራሳቸው ከሻጩ ጋር ጨረሱ። የማስቀመጫውን ቂጥ ገልብጠው «ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ።

«በንጉሥ ቺየንሎንግ ዘመን የተሠራ።»

«መቼ ነው እሱ?»

«ከ1736 እስከ 1795።»

«ቅድም ባለፈው ወር ከምድጃ ወጣ አላልክም?»

ሁለቱንም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማኅተሙ እንዲያ ይላል፣ ሻጩ እንዲህ ይላል፣ እኔ ምን ላድርግ? የድሮ ማኅተም አዲስ ዕቃ ላይ መምታት እዚያ የተለመደ ነው ብዬ ሳስረዳ ትክ ብለው አዩኝ።

«ሻጩም ኮሚሽን ይሰጥሃል?»

«ትንሽ...»

«እንግዲያ ስድስተኛዋ አንተ ነሃ!»