ሁለቱ ባዝራዎች

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ጠዋት በአሜሪካ ከምትገኘው ከኦሮራ ከተማ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ በበጎ ፈቃድ ወደማገለግልበት የፈረሶች መጠለያ ስደርስ፣ ሁለቱ አሮጊት ባዝራዎች እንደ ወትሯቸው የአንዷ ራስ በሌላዋ ጭራ በኩል ሆኖ ጎን ለጎን ቆመው አገኘኋቸው። ይህ በበጋ አንዷ ለሌላዋ ዝንብ የምታባርርበት አቋቋም ነው። በዚህ ብርድ አንድም ዝንብ ባይኖርም አቋቋማቸውን አልለወጡም።

ሁለቱም በኔቫዳ ምድረ በዳ የተወለዱ፣ ሙስታንግ የሚባሉ የአሜሪካ የዱር ፈረሶች ናቸው። በግራ አንገታቸው ላይ በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ብረት የታተመ ምልክት አለ፤ ፀጉሩ በዚያ ቦታ ነጭ ሆኖ ስለሚበቅል፣ ምልክቱን ማንበብ የተማረ ሰው የተወለዱበትን ዓመት ያውቅበታል። ዳማዋ 26፣ ቡላዋ 24 ዓመት ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የዱር ፈረሶችን ከአዳኞች ቢጠብቅም፣ በ2004 የተጨመረው ማሻሻያ መንግሥት ከዱር ከያዛቸው መካከል ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ወይም ሦስት ጊዜ ለአሳዳጊ ቀርቦ ፈላጊ ያጣው ፈረስ እንዲሸጥ ፈቀደ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ የዕድሜ መስመር ነው፤ ምክንያቱም አሥር ዓመት የሞላት ባዝራ በዱር ውሃው የት እንዳለ የምታውቅ፣ መንጋው ሲነሣ ብዙ ጊዜ ከፊት የምትሄድ እናት ናት። በሄሊኮፕተር ተነድታ በረት ስትገባ ግን ድንጉላው ወደ አንድ ወገን፣ ውርንጭላዋም ጡት ሲተው ወደ ሌላ ወገን ይሄዳሉ፤ የሚተርፍላት ነገር ቢኖር አብራት የተያዘችው ጓደኛዋ ናት።

በኒውዚላንድ ካይማናዋ ተራሮች የዱር ባዝራዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው አጥብቀው የሚወዳጁ ባዝራዎች የተሻለ እንደሚወልዱና ውርንጭሎቻቸውም ይበልጥ እንደሚተርፉ አሳይተዋል። ስለዚህ የእነዚህ ሁለቱ መዋደድ የእኔ የዋህ ምኞት ብቻ አይደለም።

ዛሬ የሰኮና ባለሙያው ቡላዋን ለብቻ ወደ ጎተራው ሲያስገባት ዳማዋ መብላቷን አቁማ በአጥሩ ዳር እየተመላለሰች ተጣራች። ቡላዋም ከውስጥ መለሰችላት። አርባ ደቂቃ ያህል ይህ ሆነ። ባለፈው ወር አንድ ቤተሰብ ሰፊ ሜዳ እንዳለው ገልጾ ቡላዋን ብቻ ሊወስድ ጠይቆ ነበር፤ የመጠለያው ኃላፊ ግን ሁለቱን አብረው ካልወሰዱ አንዷንም እንደማይሰጡ ነገሯቸው። ያን ጊዜ ትንሽ እልኸኛ መስለውኝ ነበር። ዛሬ ልክ መሆናቸው ገባኝ።

የዳማዋ ጥርስ አልቋል። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድድ እየወጣ በግጦሽ ስለሚሞረድ፣ በእርጅና የሚወጣ ነገር አይቀረውም፤ ድርቆሹን ታኝከውና ጠቅልላ መልሳ ትተፋዋለች። ስለዚህ የተፈጨውን መኖ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፌ፣ እንደ ገንፎ ሲላላ በባልዲ አቀርብላታለሁ። ቡላዋ ገና ጥርስ ቢኖራትም ከባልዲው ትካፈላለች፣ ዳማዋም አትከለክላትም።

ባልዲውን ስይዝ ቢሾፍቱ ትዝ ትለኛለች። በልጅነቴ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ ሲያረጅ ከከተማው ዳር ተለቅቆ ብቻውን ቆሞ አይ ነበር፤ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ተሸፋፍኜ ስለ እሱ አስብ ነበር። አባባ፣ «ባለ ጋሪውም ልጆች አሉት፣ የማይሠራ ፈረስ ከምን ያበላዋል?» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በባለ ጋሪው አልፈርድም። ነገር ግን የዚያ ፈረስ ብቻውን መቆም እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ልወጣ ስል ኃላፊዋን ያስፈራኝን ነገር ጠየቅኋቸው፤ አንዷ ስትሞት ሌላዋን ምን እናደርጋታለን? እሳቸውም አስከሬኑን ወዲያው እንደማያነሡ፣ የቀረችው አጠገቡ ቆማ አሽትታውና ተሰናብታው በራሷ ጊዜ እስክትሄድ እንደሚጠብቁ፣ ከዚያም በወዲያኛው ሜዳ ካሉት ሦስት አሮጊቶች ጋር እንድትቀላቀል አጥሩን እንደሚከፍቱላት ነገሩኝ። በሩ የት እንደሆነ አሳዩኝ። ሦስቱም ከወዲያ ሆነው ያዩን ነበር።