ያረጀ የስፕሪንክለር ቧንቧ መቀየር፦ ከመፍቻው በፊት ስሌቱ

ሕንፃው አሜሪካ ውስጥ የሚገኝ፣ ፎቅ የሌለው የድሮ የገበያ ቤት ነው። የስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ የሞላበት ጥቁር ብረት ሲሆን እዚህም እዚያም በመርፌ የተወጋ ይመስል ማንጠባጠብ ጀምሯል። የሕንፃ ባለቤቶች በዚህ ጊዜ የሚሉት ሁሌም አንድ ነው፦ «የነበረውን አውጥታችሁ ያንኑ መጠን መልሱልን።»

ያንኑ መጠን መመለስ ማለት የድሮውን ግምትም አብሮ መመለስ ነው። እነዚህ ሲስተሞች የተሠሩት በሰንጠረዥ ነው። መካከለኛ አደጋ ባለበት ቤት 1 ኢንች ቧንቧ 2 ስፕሪንክለር፣ 1¼ ኢንች 3፣ 1½ ኢንች 5፣ 2 ኢንች ደግሞ 10 ይይዛል ይላል። መንገድ ላይ ያለው ግፊት ዛሬ ስንት እንደሆነ፣ ከሱቁ በስተኋላ ምን ያህል ዕቃ እንደተከመረ ከዚህ ቁጥር አይታወቅም። የአሜሪካ የስፕሪንክለር አገጣጠም ደንብ የሆነው ኤንኤፍፒኤ 13 ነባር የሰንጠረዥ ሲስተም ሲሻሻል በሰንጠረዡ መቀጠልን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ያለ ስሌት ፈቃድ ማግኘት ይቻል ይሆናል። እኔ በዚያ በር መግባት አልወድም።

መጀመሪያ ቧንቧውን ቆርጦ ውስጡን ማየት ነው። ናሙና የምወስደው ከቅርንጫፍ ጫፍ፣ አየር ከሚታሰርበት ከፍ ያለ ቦታና ዝቃጭ ከሚተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ነው። 1 ኢንች ስኬጁል 40 (የግድግዳ ውፍረት ደረጃ ነው) ቧንቧ አዲስ ሲሆን የግድግዳው ውፍረት 0.133 ኢንች ነው፤ የቀረውን በአልትራሳውንድ መለኪያ ማወቅ ይቻላል። ጉድጓዱ የሚበዛው ውሃና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ሲስተሙ በተራገፈና እንደገና በተሞላ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል፤ ባክቴሪያ ካለ ደግሞ ያፋጥነዋል። ለዚህም ነው የሚያፈስሰውን አንድ ክንድ ብቻ እየቆረጡ መቀየር ነገሩን የሚያባብሰው፤ ለእያንዳንዱ ጥገና ሲስተሙ ይራገፋል። እዚህ ቤት ቅርንጫፎቹንና አከፋፋይ ቧንቧውን በሙሉ ቀይሬ ራይዘሩን (ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣውን ቋሚ ቧንቧ) ተውኩት።

ከዚያ የውሃው ምርመራ ይመጣል። ሁለት ሃይድራንት (የመንገድ ላይ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ) ያስፈልጋል፤ አንዱ ላይ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ይታሰራል፣ ሌላው ይከፈታል። ውሃው ቆሞ ሳለ 70 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ)፣ ሲፈስ 50 ቢያነብ፣ በ2½ ኢንቹ አፍ ላይ ፒቶው (የሚፈሰውን ውሃ ግፊት የሚለካው መሣሪያ) 29 ቢያሳይ፣ ፍሰቱ በደቂቃ 900 ጋሎን ገደማ ነው (29.83 × 0.9 × 2.5² × √29)። የግፊቱ መውደቅ የሚያድገው በፍሰቱ 1.85 ርቢ ስለሆነ፣ ከታች እንደምናየው በሚያስፈልገን 600 ጋሎን ላይ የሚወድቀው 9.4 ብቻ ነው፤ 60 ፒኤስአይ ያህል ይቀራል። ከ12 ወር ያለፈ ምርመራ አልቀበልም፤ ጠዋት የተለካ ግፊትም የበጋ ምሽት ግፊት አይደለም።

አሁን ስሌቱ። ሱቅ መካከለኛ አደጋ ምድብ 2 ነው፤ ለ1500 ካሬ ጫማ በካሬ ጫማ 0.20 ጋሎን በደቂቃ ይፈልጋል። ስፕሪንክለሮቹ በቅርንጫፉ ላይ በ10 ጫማ፣ ቅርንጫፎቹ በ12 ጫማ ርቀት ናቸው፤ አንዱ 120 ካሬ ጫማ ይሸፍናል ማለት ነው። ስለዚህ 13 ስፕሪንክለር አብረው ሲከፈቱ የመጨረሻው ቢያንስ 24 ጋሎን ማውጣት አለበት። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ 250 ጋሎን ሲጨመር ጠቅላላው ወደ 600 ይጠጋል።

ካለን 60 ላይ ለ15 ጫማ ከፍታ 6.5 ይቀነሳል። ባክፍሎው መከላከያው (ውሃው ወደ መንገዱ መስመር እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ) እንደ አምራቹ ኩርባ ለምሳሌ 8 ይወስዳል፤ ድሮ ይህ ዕቃ ብዙ ቦታ አልነበረም፣ በኋላ ሲገጠምም ስሌቱን የሚያድስ ጥቂት ነው። 45.5 ቀረ። ኬ 5.6 ስፕሪንክለር (ኬ በአንድ ግፊት ምን ያህል ውሃ እንደሚያወጣ የሚያሳይ ቁጥር ነው) 24 ጋሎን ለማውጣት 18.4 ፒኤስአይ ይጠይቃል፤ ለሰበቃ (ውሃው ከቧንቧው ጋር ሲፋተግ ለሚጠፋው ግፊት) የሚተርፈው 27 ብቻ ነው።

ሰንጠረዡ እንዳዘዘው ሁለቱ የመጨረሻ ክፍሎች 1 ኢንች ከሆኑ፣ የመጀመሪያው 10 ጫማ 1.8፣ የሁለት ስፕሪንክለር ውሃ፣ 49 ጋሎን የሚሸከመው ሁለተኛው 10 ጫማ ደግሞ 6.9 ይበላል። የተረፈን ግፊት ሲሶ በ20 ጫማ ውስጥ አለቀ! ሁለተኛውን ክፍል 1¼ ኢንች ማድረግ 6.9ን ወደ 1.8 ያወርደዋል። ሌላው መንገድ ኬ 8.0 መግጠም ነው፤ 9 ፒኤስአይ ይበቃዋል። ግን ጥርሱ ብዙውን ጊዜ ¾ ኢንች ስለሆነ መጋጠሚያው ይለወጣል፤ ወደ ራይዘሩ የቀረቡትም ብዙ ውሃ ስለሚተፉ ስሌቱን ከጫፍ እንደገና መሥራት ግድ ነው። እዚህ ቧንቧውን ማስፋት መረጥኩ። ለተውኩት አሮጌ ራይዘር ደንቡ የሚሰጠው ሲ (የቧንቧው ውስጥ ልስላሴ ቁጥር) 120 ቢሆንም በ100ም አስልቼዋለሁ፤ ሰበቃው 1.4 እጥፍ ይሆናል።

ዕቃ ሲመረጥ ስኬጁል 10 ውስጡ ሰፊ ነው፤ በ1 ኢንች ከስኬጁል 40 ጋር ሲነጻጸር 1.097 በ1.049። ጥርስ አይወጣለትም፤ በግሩቭ (ጫፉ ላይ በሚወጣ ጎድጓዳ መስመር) መጋጠሚያ ይታሰራል። ሲፒቪሲ የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ሲ 150 ስላለው ስሌቱን ያስደስታል፣ ግን በዋናነት ለቀላል አደጋ የተፈቀደ ነውና ለዚህ ሱቅ አይሆንም።

ሥራው በክፍል በክፍል ይሄዳል። ሲስተሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ ከተዘጋ ቤቱ ሰው ከሌለበት በቀር የእሳት ጥበቃ ይመደባል፤ ፋየር ማርሻሉና (የእሳት ደህንነት ተቆጣጣሪው) የማንቂያ ድርጅቱ አስቀድመው ይነገራቸዋል። የወረደ ስፕሪንክለር ተመልሶ አይገጠምም። ለ1 እና 1¼ ኢንች ብረት ማንጠልጠያው ከ12 ጫማ አይራቅ፤ ቴፍሎን የሚጠቀለለው በወንዱ ጥርስ ላይ ብቻ ነው። ከፍ ባለው ቦታ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ይገጠማል፤ አለዚያ አዲሱም ቧንቧ በአሮጌው መንገድ ይበላል።

ስሌቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ጣሪያው ላይ የሚወሰን ትንሽ ነገር ነው። ገጣሚው የአየር ቱቦ ለመዝለል 4 ኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ) ይጨምራል። የ1 ኢንች ኤልቦ 2 ጫማ ቧንቧ ያህል ይቆጠራል፤ 49 ጋሎን በሚያልፍበት 1 ኢንች ላይ 8 ጫማው 5.5 ፒኤስአይ ነው። በ1¼ ኢንች አንዱ 3 ጫማ ቢቆጠርም ኪሳራው 2.2 ገደማ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ለውጥ ሁሉ በሥዕሉ ላይ ይገባና ከሙከራው በፊት ይሰላል።

ሙከራው 200 ፒኤስአይ ለ2 ሰዓት ነው፤ የሥራው ግፊት ከ150 ካለፈ ከሱ በላይ 50 ይጨመራል። ቀስ ብሎ መሙላትና አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል፤ የታሰረ አየር ካለ ትንሽ ፍሳሽ በጌጁ ላይ ቶሎ አይታይም። በመጨረሻ የዋናው ማፍሰሻ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ቆሞ ያለውና ሲፈስ ያለው ግፊት ይጻፋል። ራይዘሩ ላይ የሚሰቀለው ሳህን የአዲሱን ስሌት ጥግግት (በካሬ ጫማ የሚፈሰውን ውሃ)፣ የንድፍ ስፋት፣ ፍሰትና ግፊት መያዝ አለበት፤ በየዓመቱ የሚደረገው የማፍሰሻ ሙከራ ደግሞ ከተጻፉት ሁለት ንባቦች ጋር ይነጻጸራል።