የሦስተኛ ወር ማስታወሻ፦ «ተቀመጠ» ወይስ «ተቀመጠች»?

አሜሪካዊቷን ደራሲ ኧርሱላ ለ ግዊንን ማንበብ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ባለፈው ወር ግጥሞቿ ላይ ነበርኩ። አሁን «የጨለማ ግራ እጅ» የተባለውን ልቦለዷን ለልምምድ ብዬ በየቀኑ ጥቂት መስመር ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ማታ ማታ፣ በእርሳስ።

የተወለደችው በ1929 በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር አንትሮፖሎጂስት ነበር፤ የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ቋንቋና ባህል ሲመዘግብ የኖረ ሰው። ይህን ሳውቅ ልቦለዱ በራልኝ። ተራኪው፣ «ጌንሊ አይ» የሚባለው፣ ጌተን ወደተባለ ባዕድ ፕላኔት ብቻውን የተላከ መልእክተኛ ነው። ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። ቀድሞ የታተመላት ግን ግጥም ነው፣ በ1959። የመጀመሪያ ልቦለዷ የወጣው በ1966 ነው። በ2018 እስክታርፍ ድረስም ግጥም አልተወችም።

ወደ ችግሬ ልምጣ። የጌተን ሰዎች ወንድም ሴትም አይደሉም። በወር ውስጥ ለጥቂት ቀን ብቻ አንዱን ጾታ ይይዛሉ። ለ ግዊን በ1969 ልቦለዱ ሲወጣ ሁሉንም «እሱ» አለቻቸው፤ ተወቀሰችበትም። በ1975 ስለዚያው ፕላኔት የጻፈችውን አንድ አጭር ልቦለድ ስታሻሽል ደግሞ «እሷ» አለቻቸው፤ «ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ ሳትነካ።

በእንግሊዝኛ ጣጣው ተውላጠ ስሙ ላይ ያበቃል። እኛ ጋ ግሱም ይናገራል። ስለ አንድ የጌተን ሰው «ኤስትራቨን እሳት ዳር ተቀመጠ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ተቀመጠች» አልኩ። እሱንም አጠፋሁ። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ሦስት ቀን እዚያች መስመር ላይ ቆየሁ።

አንድ ቀን እናቴ በስልክ ስለ አንድ እንግዳ ስታወራ ሰማኋት፦ «አሁን ገና ወጡ እኮ!» ወንድ ይሁኑ ሴት በጭራሽ አላወቅኩም። ሮጬ ሄጄ «ተቀመጡ» ብዬ ጻፍኩ። ኤስትራቨን ጠቅላይ ሚኒስትር ስለሆኑ አክብሮቱ ልክክ አለ!

ግን መጽሐፉ ሲገፋ ጌንሊና ኤስትራቨን በረዶ ላይ አንድ ድንኳን ይጋራሉ፤ በስም መጠራራት ይጀምራሉ። እዚያ ላይ «እርስዎ» ቀዘቀዘብኝ። «አንተ» ካልኩ ደግሞ ጾታው ተመልሶ መጣ። ቅርበቱን ስፈልግ ጾታውን እየከፈልኩ ነው።

አሁን «አንቱ»ን እየሞከርኩ ነው። አያቴ ባሏን እስከ መጨረሻው «አንቱ» ነበር የምትለው፤ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ጋቢውን እያስተካከለችለት። የድንኳኑን ክፍል በዚያ ድምፅ እንደገና ጀምሬዋለሁ። እስካሁን አራት ገጽ ሄዷል።